ጿሚና ፈሳኪ እንቁራሪቶች

የመጀመሪያዎቹን እንቁራሪቶቼን የፈጀብኝ የቧንቧ ውኃ ነው። በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ፣ መስኮቱ ሥር በደረደርኳቸው የመስታወት ገንዳዎች ውስጥ ደህና ሲዋኙ ትቻቸው ሄጄ በማግስቱ ስመለስ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። ውኃ ሁለት ቀን ጠፍቶ ነበርና እንደመጣ ደስ ብሎኝ ቀይሬላቸዋለሁ። ለካ ቧንቧው ከተጠገነ በኋላ የተለቀቀው ውኃ መድኃኒት በዝቶበት ኖሯል። እኛን ስንታጠብበት ዓይናችንን የሚቆጠቁጠን ውኃ ከጣት ጥፍር ለማይበልጥ ፍጥረት ምን እንደሚሆን ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። የባዮሎጂ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ፤ ያውም የእንቁራሪትን አስተዳደግ አጠናለሁ ብዬ የተነሣሁ።

አማካሪዬ መጥተው ገንዳዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ውጭ አገር ብዙ ዓመት ተምረው የተመለሱ፣ ክረምት ከበጋ ቡናማ ካፖርታቸው የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ከጥያቄ በቀር ሌላ ነገር ከአፋቸው ሲወጣ እምብዛም አልሰማሁም።

«ቤትሽ የት ነው?» አሉኝ።

«ጉለሌ።»

«ጉለሌ የት?»

«ከቁስቋም በታች፣ ወንዙ ዳር።»

«ወንዙ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከእንጦጦ።»

«እንጦጦ ላይ ቧንቧ አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

እንቁራሪቶቹ እናቴ ቤት የገቡት እንዲህ ነው።

ቤታችን ሁለት ክፍልና ጠባብ ጓሮ ያላት ስትሆን የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እናቴ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ስለነበረች ከሳፋ በላይ የምታከብረው ዕቃ አልነበራትም። ከስድስቱ ሳፋዎቿ አራቱን ስጠይቃት ለልብስ መስሏት ነበርና ወዲያው ሰጠችኝ። ወንዙ ዳር ካለው ረግረግ የለቀምኩትን የእንቁራሪት እንቁላል ይዤ ስገባ ግን በሩ ላይ ቆመችብኝ።

«ምንድነው እሱ ንፍጥ?»

«እንቁላል ነው።»

«የምን?»

«የእንቁራሪት።»

«ዶክተር ትሆናለች ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቻለሁ» አለችና መንገዱን ለቀቀችልኝ።

የማጠናው ነገር ሲነገር ቀላል ነው። እንቁራሪት ከእንቁላሏ ስትወጣ ዓሣ ቢጤ ናት፤ ጭራ አላት፣ ውኃ ውስጥ ትተነፍሳለች፣ ቅጠላ ቅጠል ትበላለች። ከዚያ እግር ታበቅላለች፣ ጭራዋ ይጠፋል፣ አንጀቷ ያጥራል፣ ከውኃ ወጥታ ዝንብ ታሳድዳለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ከውጭ የተጨመረላት ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረስ የአካል መመሪያ፣ የለም። እንቁላል ሳለች የነበራት ጂን ነው ዛሬም ያላት፤ የሚለየው የትኛው ነቅቶ ይሠራል፣ የትኛው ተኝቷል የሚለው ነው። ጂን ሲነቃ ፕሮቲን ያሠራል፤ ፕሮቲኑን ደግሞ ቤተ ሙከራ ውስጥ ጄል በሚባል እንደ ሙጫ በረጋ ነገር ላይ አስኬደን፣ ቀለም ቀብተን፣ እንደ ሰማያዊ መስመር እናየዋለን። እኔ ጭራው ሲጠፋ አዲስ መስመር ይወጣ እንደሆነ ማየት ፈለግሁ። በዚያን ጊዜ ካለን መሣሪያ ጋር ከዚህ በላይ መመኘት ጥጋብ ነበር።

ለውጡን የሚያስጀምረው ከአንገት ሥር ያለች ዕጢ የምታመነጨው ንጥረ ነገር ነው፤ ሰው ላይ ስታብጥ እንቅርት የምንላት ዕጢ። የተጣራውን ከውጭ ማስመጣት ስንት ቢሮ እንደሚያስዞር ብጠይቃት የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ሳቀችብኝ። አማካሪዬም «በሬ ዕጢ የለውም?» ብለው ሄዱ።

ስለዚህ ሰፈራችን ካለው ሉካንዳ ሄድኩ። ባለ ሉካንዳው ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ድምፁ ግን ቀጭን ሰው ነው። ማንቁርቱ ሥር፣ ግራና ቀኝ የተለጠፈችውን ቀይ ዕጢ እንደምፈልግ በእጄ አንገቴን እያሳየሁ አስረዳሁት።

«ለውሻ ነው?»

«አይ፣ ለጥናት።»

«የምን ጥናት?»

«የእንቁራሪት።»

ቢላዋውን አስቀመጠ። ወደ በሩ ተመለከተና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኅቴ፣ ልምከርሽ። የሸሸ ወንድ በእንቁራሪትና በበሬ ማንቁርት አይመለስም። አንድ ኪሎ ጥሩ ሥጋ ልስጥሽና ጠርተሽ ጋብዥው» አለኝ።

የሸሸኝ ወንድ እንደሌለ ብነግረው ይብሱን አዘነልኝ። ዕጢውን ግን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ለዕጢ በሄድኩ ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ተመለሰ?» ይለኝ ነበር። «ገና ነው» ማለት ከማስረዳት እንደሚቀል በሦስተኛው ቀን ገባኝ።

ዕጢውን ቆራርጬ ከሰል ምድጃ ላይ አደረቅሁት፤ በእናቴ ሙቀጫም ወቀጥኩት። እናቴ ጠረኑ ከሙቀጫው እንደማይለቅ ስታውቅ ሙቀጫውን በሁለት ጣቷ አንሥታ ጓሮ አወጣችው፤ ተመልሶም አልገባም። እኔ ዱቄቱን በብልቃጥ አድርጌ፣ ሁለቱን ሳፋ ከተቀቀለ ጎመን ሌላ ምንም ለማይበሉ፣ ሁለቱን ደግሞ ጎመን ከዕጢ ዱቄት ጋር ለሚበሉ የእንቁራሪት ግልገሎች ለየሁ። ያለ መድኃኒቱ የሚኖሩት ከሌሉ መድኃኒቱ ምን እንዳደረገ ማወቅ አይቻልምና የጥናቱ ምሰሶ እነዚያ ጎመን ብቻ የሚበሉት ናቸው።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ሁሉ ነገር በተስተካከለ ሰሞን ፍልሰታ ገባ።

«በፍልሰታ፣ እኔ ቤት፣ ሥጋ!» አለች እናቴ ብልቃጡን እያየች።

«እማዬ፣ የምንበላው እኛ አይደለንም።»

«ማነው ታዲያ?»

«እንቁራሪቶቹ ናቸው።»

«እነሱስ የማን ፍጥረት ናቸው?»

ከብዙ ክርክር በኋላ ዱቄት የሚበሉት ሁለት ሳፋዎች ከጣሪያው ጠርዝ ውጭ፣ አጥሩ ጥግ ሄዱ፤ ጎመን የሚበሉት በረንዳ ላይ ቀሩ። እናቴም ስም አወጣችላቸው። የበረንዳዎቹ «ጿሚዎቹ»፣ የአጥሩ ሥሮቹ «ፈሳኪዎቹ»። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጿሚዎቹ ላይ ጎንበስ ብላ ታያቸዋለች። በፈሳኪዎቹ በኩል ስታልፍ ነጠላዋን ሰብሰብ ታደርጋለች። እኔም ሳላውቀው በመመዝገቢያ ደብተሬ ላይ «ጿሚ» እና «ፈሳኪ» እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ፤ አማካሪዬ ደብተሩን ሲያዩ ገጹን ሁለት ጊዜ ገለጡት።

በስድስተኛው ቀን ፈሳኪዎቹ እግር አወጡ። ጭራቸውም መኮማተር ጀመረ። እናቴ መጥላቷን ረስታ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ጭራው የት ሄደ?»

«ራሳቸው አቀለጡት።»

«ማን አስተማራቸው?»

እንዴት ላስረዳት? ድንገት ዳዊቷ ትዝ አለኝ። «እማዬ፣ ዳዊት ላይ የሰኞም የማክሰኞም የቅዳሜም ንባብ አብሮ አለ አይደል? መጽሐፉ ያው አንድ ነው። ሰኞ ግን የምትደግሚው የሰኞን ነው። እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ሁሉም ውስጣቸው ተጽፏል። እስከ ትናንት የዋና ንባባቸውን ሲያነቡ ነበር፣ ዛሬ የእግሩን ገለጡ።»

እናቴ ወደ ሳፋው ይበልጥ ተጠጋች። «እና ገላጩ ማነው?»

«ጂን ነው። ጭራውን የሚያቀልጠው ጂን እስከ ዛሬ ተኝቶ ነበር፣ አሁን ተነሣ። ነገ ሌሎቹም ጂኖች ይነሣሉ!» አልኩ፤ ስላገኘሁት ምሳሌ ደስ ብሎኝ ጮክ ብዬ።

ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤታችን መጥረጊያ ቀጥ አለ። ይቺ ጎረቤታችን ደግ ሴት ናት፤ ጆሮዋ ግን ከደግነቷ ይበልጣል። ጂን የሚለውን ቃል እሷ የምታውቀው ከጠንቋይ ቤት ታሪክ ነው። በማግስቱ ጠዋት በራችን ሥር በጠርሙስ የቁስቋም ጠበል ተቀምጦ አገኘን። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛ ጠርሙስ። በአራተኛው ቀን ወሬው ቀበሌ ደርሷል፤ ቀበሌ ሲደርስ ግን ልብሱን ቀይሯል። «ያቺ ልጅ ጂን ታረባለች» የነበረው «በመኖሪያ ቤት ውስጥ ማንነቱ ያልታወቀ ባዕድ ነገር በሕቡዕ ይራባል» ሆኗል።

የቀበሌው ሊቀመንበር የመጣው ጠብመንጃ ከያዘ ጥበቃ ጋር ነው። ቀደም ሲል ልብስ ሰፊ የነበረ፣ ፖለቲካ ትምህርት ቤት ሦስት ወር ሠልጥኖ የተመለሰ ሰው ነው። ሰውን ሲያይ አሁንም የትከሻ ስፋት የሚለካ ይመስላል። ያን ጊዜ ጠብመንጃ የያዘ ሰው በር ላይ ሲቆም ማንም እንደ ቀልድ አያየውም ነበር፤ ስንቱ ቤት «ለጥቂት ደቂቃ ትፈለጋለህ» በተባለ ሰው እስከ ዛሬ ይጠብቃል። የእናቴ ፊት አመድ መስሏል።

«ጂን የሚባል ነገር ታረቢያለሽ የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለ።

«ጂን አላረባም፣ ጓድ ሊቀመንበር። እንቁራሪት ነው።»

«ጂኑስ?»

«ጂኑ ውስጣቸው ነው ያለው።»

እናቴ ደረቷን መታች። ጥበቃው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ነገሩን አለዝባለሁ ብዬ፣ «እርስዎም ውስጥ አለ እኮ» አልኩት ሊቀመንበሩን።

ጥበቃው ሊቀመንበሩን ገልመጥ አድርጎ አየው።

ከዚያ በኋላ ያለኝ ምርጫ ማሳየት ብቻ ነበር። ወደ አጥሩ ጥግ ወሰድኳቸው። ጭራ ብቻ ያላቸውን፣ የኋላ እግር ያወጡትን፣ አራት እግርና ግማሽ ጭራ ያላትን አንዷን በማንኪያ እያወጣሁ አሳየሁት። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ቆሞ፣ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ፣ በመጨረሻ እንደ እናቴ ቁጢጥ ብሎ ተመለከተ። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲበራ አየሁት።

«ቆይ፣ ቆይ። በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚለወጡት?»

«አዎ።»

«ይጠራቀምና፣ ይጠራቀምና...»

«ከዚያ ጭራው ይጠፋል፣ ከውኃ ይወጣሉ።»

«ዝላይ!» ብሎ ሲጮህ ጥበቃው ጠብመንጃውን ጨበጠ። «መጠናዊ ለውጥ ወደ ዓይነታዊ ለውጥ! ሦስት ወር ሙሉ ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል ሲሉን ከረሙ። እንፋሎቱን ማን ያየዋል? ይኸው! በሳፋ!»

በሚቀጥለው ረቡዕ በቀበሌው አዳራሽ የውይይት ክበብ ስብሰባ አለ፤ እንቁራሪቶቹን ይዘሽ ቀርበሽ ለሕዝቡ ታስረጃለሽ አለኝ። ፈተና አለብኝ አልኩ፣ እንቁራሪቶቹ መንገድ አይወዱም አልኩ። «ጓዲት፣ ዕውቀት የሰፊው ሕዝብ ነው» ብሎ ተነሣ። ከሄዱ በኋላ እናቴ የበሩን ጠበል አንሥታ ግማሹን እኔ ላይ፣ ግማሹን ጿሚዎቹ ላይ ረጨችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥል ነበር። አዳራሹ እንደወትሮው ሞልቷል፤ የቀረ ሰው ስሙ ስለሚመዘገብ የማይሞላበት ቀን የለም። ያ ስብሰባ በሰፈሩ የሚታወቀው በእንቅልፉ ነው። ዓይን ሳይጨፍኑ የሚተኙ፣ ሳይነቁ የሚያጨበጭቡ ሰዎች ነበሩን። እኔ ክዳን ያላቸው፣ ማሰሮ የሚያህሉ ሦስት የመስታወት ዕቃዎች ቀይ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ፤ በአንዱ ጿሚዎቹ፣ በሌላው በለውጥ ላይ ያሉት፣ በሦስተኛው ትንሽ ውኃና ድንጋይ አድርጌ ለውጡን የጨረሱት ፈሳኪዎች። እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ ዳዊት እየደገመች እንደሆነ አውቄያለሁ።

ሊቀመንበሩ ስለ ዝላይ ግማሽ ሰዓት ተናገረ። ቀጥሎ እኔ ተናገርኩ። «ጂን» የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ ሳላነሣ ስጨርስ ላቤ ደርቆ ነበር። ሊቀመንበሩ በኩራት «ጥያቄ ያለው?» አለ። ጥያቄ ኖሮ አያውቅም።

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። እኚህ ሽማግሌ የጡረታ ሰው ናቸው፤ ከተቀመጡበት ወንበር ላይ ነቅተው ያየናቸው ቀን አልነበረም።

«ልጄ፣ እነዚህ መድኃኒት ያልተሰጣቸው አይለወጡም ማለት ነው?»

«ይለወጣሉ አባባ። ጊዜያቸው ሲደርስ።»

«ማንም ሳይነካቸው?»

«አዎ።»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ።

«እነዚያ የተቻኮሉትስ? ሲያዩዋቸው በጣም አነሱ።»

«እ... ማለቴ፣ ሳያድጉ ስለተለወጡ ነው። ዝንብ አክለው ይቀራሉ።»

«ይበላሉ?»

«መብላት ያቅታቸዋል። አፋቸው ገና ስላልጠና።»

«ታዲያ ምን ይሆናሉ?»

ያን ጊዜ ነው የምናገረው ነገር ስለ እንቁራሪት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ቀና ስል ሁሉም ነቅተዋል። ሁልጊዜ የሚተኙት ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው መልሴን ይጠብቃሉ። ልዋሽ አሰብኩ። ግን ሦስቱም ዕቃዎች ጠረጴዛው ላይ ናቸው፣ ማንም ቀርቦ ማየት ይችላል።

«ብዙዎቹ ይሞታሉ» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው «ገባኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ተቀመጡ፤ እጃቸውን አጣጥፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሊቀመንበሩ ግን ፊቱ ከጠረጴዛው ጨርቅ ቀልቷል። ወደ እኔ ዞረ፣ ወደ ሕዝቡ ዞረ፣ ወደ እንቁራሪቶቹም ዞረ። መውጫ እየፈለገ እንደሆነ ያስታውቃል፤ እኔም ከልቤ እንዲያገኝ ጸለይኩለት።

«ይህ የሆነው» አለ በመጨረሻ፣ «በሕጉ ጉድለት አይደለም! በአፈጻጸም ጉድለት ነው! ጓዲት ግለሂስ ታድርግ!»

ግለሂስ ማለት ቆሞ ጥፋትን በሕዝብ ፊት መናገር ነው። ሲደረግ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ስለ እንቁራሪት ሲደረግ ግን አላየሁም። ቆምኩ። «ጓዶች» አልኩ፣ «የመድኃኒቱን መጠን አብዝቻለሁ። የእንቁራሪቶቹን የኑሮ ሁኔታ በሚገባ ሳላጠና ቸኩያለሁ። ለተለወጡት የሚሆን ለስላሳ ምግብ ቀድሜ አላዘጋጀሁም። ለወደፊቱ...» ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሰዉ ከጸጸት መስሎት ይሆናል፤ እኔ ግን ሳቄን ይሁን ለቅሶዬን የምውጠው ለራሴም አልለየኝም።

ሊቀመንበሩ እፎይ ብሎ ሊዘጋ ሲል እናቴ ተነሣች።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለች።

«ተቀመጪ፣ እማዬ!» አልኩ በሹክሹክታ።

«አልቀመጥም፤ ኅሊናዬ እምቢ ብሎኛል። ጿሚዎቹ አሳዘኑኝ። ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ጀምሬ በሶ እየበጠበጥኩ ሰጥቻቸዋለሁ። ጠዋትና ማታ።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ግለሂስ ሲያልቅ ይጨበጨባልና። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ወደቅሁ። ከጎመን ሌላ አይበሉም ብዬ ደብተሬን የሞላሁባቸው፣ የጥናቱ ምሰሶ የሆኑት ጿሚዎች በበሶ ሲቀለቡ ከርመዋል። ለካ እንዲያ የወፈሩት ለዚህ ኖሯል! እኔ እኮ ስለ ውፍረታቸው ሁለት ገጽ ማብራሪያ ጽፌያለሁ።

ሊቀመንበሩ ስብሰባውን በድል ለመዝጋት ሦስተኛውን ዕቃ አንሥቶ ከፍ ሲያደርግ ክዳኑ ወለቀ። በሕይወት የቀሩት ፈሳኪዎች ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም ዝላይ ምን እንደሆነ ለማሳየት በቂ ነበሩ። አንዷ ቃለ ጉባኤው ላይ አረፈች፤ ጸሐፊው ብዕሩን ጥሎ ወንበር ላይ ወጣ። ሌላዋ የሊቀመንበሩ እጅጌ ውስጥ ገባች። እሱ ግራ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ መፈክር እያሰማ ነበርና እጁን ማውረድ አልቻለም፤ «ወደፊት!» እያለ ክንዱን ሲያራግፍ ሕዝቡም አብሮ ክንዱን አራገፈ። እንዲያ ያለ የደመቀ መዝጊያ በዚያ አዳራሽ ተደርጎ አያውቅም።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ብቻውን ቤታችን መጣ። ጥበቃ አለመኖሩ ይብስ አስፈራኝ። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ቀበሌው ሳይንሳዊ ምርምር ይደግፋል ብዬ ለበላይ ሪፖርት አድርጌያለሁ» አለ። «ስለዚህ መደገፍ አለብን። ምን ያስፈልግሻል?»

ማመን አልቻልኩም። «በረዶ» አልኩ። ከጭራው የምወስደው ናሙና ካልቀዘቀዘ በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ እኛ ቤት ማቀዝቀዣ የለም፣ ዩኒቨርሲቲው አራት ኪሎ ነው። ሊቀመንበሩ አገጩን አሸት አሸት አደረገ። ቀበሌው ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የመዝናኛ ክበቡ።

ለመሄድ ከተነሣ በኋላ በሩ ላይ ቆመና፣ «ያ ሽማግሌ የጠየቁት ጥያቄ...» አለ።

«አቤት?»

«መጠኑ ቢቀንስስ? ቀስ ቢባል? ይተርፋሉ?»

«ይመስለኛል። ልሞክረው ነው።»

ራሱን ነቀነቀና ሄደ። ያን ቀን ስለ እንቁራሪት ይሁን ስለ ሌላ የጠየቀኝ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ከዚያ ወዲህ አልፈራሁትም።

ከወንዙ ዳር የክረምቱን የመጨረሻ እንቁላል ለቅሜ እንደገና ጀመርኩ። የዱቄቱን መጠን በጣም ቀነስኩ። እናቴ በሶ እንዳትሰጥ በቁስቋም ማርያም ስም ቃል አስገባኋት፤ ቃሏን ጠበቀች፣ ግን ለሁለት ሳምንት ያህል ጿሚዎቹን ቀና ብላ ማየት አቃታት። በየቀኑ ከሁለቱም ወገን ጭራ እየቆረጥኩ በላስቲክ ጠቅልዬ መዝናኛ ክበቡ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከቢራውና ከለስላሳው መካከል አስቀምጥ ነበር። ቢራ ቀጂው ጥንቁቅ ሰው ስለሆነ በካርቶን ላይ «የጓዲት ጭራ። መንካት ክልክል ነው» ብሎ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ለጠፈበት። ሳምንት ሙሉ በሰፈሩ ስሄድ ሰዎች ኋላዬን ለምን እንደሚመለከቱ አልገባኝም ነበር።

ናሙናዎቹን በበረዶ በሞላ ፔርሙዝ ይዤ በአውቶቡስ አራት ኪሎ አደረስኩ። መንገድ ላይ አንድ ፍተሻ ነበር። ፈታሹ ክዳኑን ከፍቶ አየና «ምንድነው?» አለኝ፤ «ጭራ» አልኩት፤ መልሶ ከደነው።

በቤተ ሙከራው መብራት ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በሦስተኛው ጄሉን ከቀለሙ አውጥቼ፣ በውኃ አለቅልቄ፣ መስኮቱ ላይ ወደ ብርሃኑ አነሣሁት። በጿሚዎቹ በኩል እንደ አጥር እንጨት የተደረደሩ ሰማያዊ መስመሮች አሉ። በፈሳኪዎቹም በኩል ያው መስመሮች አሉ። ግን በስድስተኛው ቀን ጭራ ላይ፣ ከሌላው ዝቅ ብሎ፣ በጿሚዎቹ ወገን የሌለ አንድ ቀጭን መስመር አለ። ተኝቶ የነበረ፣ የነቃ ነገር።

ዓለም ላይ ያንን መስመር፣ በእንጦጦ ወንዝ እንቁራሪት ጭራ ላይ፣ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሰብኩ፤ እውነት ይሁን አይሁን ግድ አልሰጠኝም። ሮጬ ሄጄ አማካሪዬን ጠራኋቸው። ካፖርታቸውን እንደለበሱ ጄሉን ወደ መስኮቱ አንሥተው ረጅም ጊዜ አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ እንደገና አዩት። ከአፋቸው ጥያቄ ያልሆነ ነገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ድገሚው» አሉ።

ክረምቱ ግን አልቆ ነበር፤ ወንዙ ዳርም እንቁላል የለም። የሚቀጥለውን ክረምት ሙሉ ዓመት ጠበቅሁ። ሊቀመንበሩ በመካከሉ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ፤ የተተካው ሰው እንቁራሪት ሲያይ ይዘገንነው ስለነበር በረዶ የማገኘው በዚያው ዓመት ማቀዝቀዣ ካስገባው ባለ ሉካንዳ ሆነ። እሱም በረዶውን ሲሰጠኝ ስለ ሸሸው ወንድ መጠየቁን ትቶ «ባይመለስም ይቅርብሽ፣ ሌላ ይመጣል» ማለት ጀምሮ ነበር። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጄሉን ሠራሁ። መስመሯ እዚያው ቦታዋ ላይ ወጣች፣ ከአምናው ትንሽ ደብዘዝ ብላ። አማካሪዬ አዩትና ጄሉን በጥንቃቄ መልሰው አስቀመጡት።

«ምሳ በልተሻል?» አሉኝ።

አልበላሁም ነበር። አብረን ወጥተን ሽሮ በላን፤ ስለ እንቁራሪት አንድም ቃል አልተነጋገርንም።